ሙሳ ፍሬን የሚሞትበት ገጽ

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ኑኃሚን፤ የድራማ፣ የዜናና የቴክኒክ ክፍል ባልደረቦቼ፤ ሾፌሮቻችን፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችን፤ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ክቡራትና ክቡራን፤

በዚህ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በሚሄድበት ሰዓት፣ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ላስጌጣችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ የስቱዲዮውን ማራገቢያ ነቅላችሁ እዚህ ላቆማችሁልኝ ምስጋናዬ የተለየ ነው። ማራገቢያውን ግን ማታ ወደ ቦታው መልሱት። ነገ ጠዋት ቀረጻ አለ።

ሳቃችሁ። «እየተሸኘም ያዝዛል» እያላችሁ ነው። ሳቁ። እኔ ግን ዛሬ ለቀልድ የሚሆን ጉልበት የለኝም። ይህን ወረቀት የያዘውን እጄን እዩት። ከፊት ያላችሁ ታያላችሁ፤ ከኋላ ላላችሁ ልንገራችሁ፣ ይንቀጠቀጣል። እርጅና አይደለም። በዚሁ እጅ ትናንት ከጎረቤት ቧንቧ ቤቴ ድረስ ውኃ ተሸክሜበታለሁ። ፍርሃት ነው።

ስንቶቻችሁን ሳስፈራ እንደኖርኩ አውቃለሁ። አንድ ቀን ቢታንያ በኮሪደሩ ስመጣ አይታኝ፣ ከነሻይዋ መጸዳጃ ቤት ገባች። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ «ምን ስትሠሪ ነበር?» አልኳት።

«ዜናዬን እያረምኩ ነበር፣ ጋሼ።»

«ከነሻይሽ?»

«ከነሻዬ።»

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ መጸዳጃ ቤት ገብቶ መደበቅ ያማረው እኔን ነው።

ጡረታ ያስፈራው መስሏችሁ ይሆናል። ጡረታ ምኑ ያስፈራል? ቤት አለኝ፤ በረንዳ አለኝ፤ የኒም ዛፍ አለኝ። ያስፈራኝ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ቦርሳ ነው። ቦርሳው ውስጥ የ«ፉርጎ ሰፈር» የመጨረሻ ክፍል አለ። የመጨረሻው ክፍል የመጨረሻ ገጽ ግን ከግማሽ በታች ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሙሳ ፍሬን መሞት አለበት። ቀረጻው ነገ ነው። ሙሳ ፍሬንን የሚጫወተው ሰው ደግሞ ከሕመም አልጋ ተነስቶ፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ከሚስቱ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ለእንግዶቻችን ልግለጽ። «ፉርጎ ሰፈር» ቅዳሜ ማታ በጣቢያችን የሚተላለፈው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ነው። የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ታሪክ ነው። ዋናው ሰው ሙሳ ነው፤ የፍሬን ሠራተኛ የነበረ፣ አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላም ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን ሳያይ ቁርስ የማይበላ ሽማግሌ። እኔ እጽፈዋለሁ፤ ዓብዱልአዚዝ ይናገረዋል። ከመናገሩ ብዛት የድሬዳዋ ሰው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶበታል። ከዚራ ሰፈር ባጃጅ ሲጠብቅ «ሙሳ ፍሬን፣ ግባ አቦ፣ ሒሳብ የለም!» ይሉታል። አሸዋ ገበያ ሲሄድ ሴቶቹ «ያ ሙሳ፣ ልጅህን ለዚያ ሌባ እንዳትድር!» ብለው ይመክሩታል። እሱም «አስብበታለሁ» ይላቸዋል። የወለደው ሁሉ ወንድ ነው።

ጣቢያው ድራማው ከእኔ ጋር እንዲያበቃ ወስኗል። መልካም ውሳኔ ነው። የእኔን ሰዎች ሌላ ሰው እንዲያናግርብኝ አልፈልግም። መጨረሻው ምን እንደሚሆን የወሰንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሐዲድ ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ ሐዲዱ አጠገብ ይሞታል፤ ታሪኩ እዚያ ይዘጋል። ይህን ባለፈው ክረምት ወሰንኩ። ዓብዱልአዚዝ ያኔ ጤነኛ ነበር። ደረጃውን እየሮጠ የሚወጣ ሰው ነበር።

ከዚያ ታመመ።

ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስትጠይቁኝ የኖራችሁትን ልመልስላችሁ። «ጋሽ ሣህሉ፣ እንዴት ነው ሳያቋርጡ የሚጽፉት?» ትሉኛላችሁ። እኔም «ቁጭ ብዬ» እላችኋለሁ። ዛሬ በደንብ ልመልስ፤ ሌላ ጊዜ የለኝም።

ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ድርሰት ያስተማረኝ ሰው የለም። የጨርቅ መጋዘን ጠባቂ ሳለሁ ዕቃ የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ እያነበብኩ፣ ያልወደድኩትን ዓረፍተ ነገር በኅዳጉ ላይ እንደገና እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ስለ ግብ የማውቀውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሙቀት ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ቀጠሮ አትሰጥም። አስፋልቱ ሳይግል ካልጻፍክ ያ ቀን አልቋል። ግቤ ይኸው ነበር፤ አስፋልቱ ሳይግል አንድ ገጽ።

«ትልቅ ደራሲ እሆናለሁ» የሚል ሰው ምኞቱን እየነገራችሁ ነው። «ዘንድሮ መጽሐፍ አወጣለሁ» የሚለው ደግሞ ወሬ እያወራ ነው። ግብ ማለት ትኩሳት ይዞህም መሸከም የምትችለው ትንሽ ነገር ነው። እኔ ወባ ይዞኝ ጽፌያለሁ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያገሳ፣ ሰው ዕቃውን ወደ ላይ ሲያወጣ ጽፌያለሁ። እናቴን በቀበርኩ ሳምንት፣ ድንኳን ውስጥ፣ አስለቃሿ ፊት ጉልበቴ ላይ ጽፌያለሁ። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ያኮርፉኛል። ያኩርፉ።

ግን ግቤን አልናገርም፤ የጻፍኩትንም አልቆጥርም። የተቆጠረ ይጎድላል።

ወይዘሮ ኑኃሚን አዲስ የተሾሙ ሰሞን ቢሮ ጠሩኝ። «ጋሽ ሣህሉ፣ የሩብ ዓመት ዕቅድ ሁሉም ክፍል አስገብቷል፤ የቀረው የእርስዎ ነው። ስንት ገጽ ልበል?»

«አይቆጠርም» አልኩ።

«እንዴት አይቆጠርም? ወረቀት እኮ ነው!»

«ጀልዴሳ ይውረዱና አንዱን አርብቶ አደር ፍየሎችህ ስንት ናቸው ብለው ይጠይቁት።»

«ምን ይለኛል?»

«‹አላህ ያውቃል› ይልዎታል። ከዚያ ‹ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?› ብሎ ፍየሎቹን ከፊትዎ ያርቃቸዋል።»

ሁለት ቀን አሰቡበት። ከዚያ ዕቅዱ ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» ብለው ሞሉልኝ። ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎን ማክበር የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሰላምታ ብቻ ነበር የምሰጥዎት።

ደግሞ እኔ ብቻ እንደዚህ አይደለሁም። ቢታንያ የአያቷን ሻሽ ካላሰረች ዜና አይወጣላትም። የስፖርቱ ሲሞን ጨዋታው ሳያልቅ ርዕስ አይጽፍም፤ አንድ ጊዜ «ድል አደረግን» ብሎ ጽፎ በጭማሪ ሰዓት ገባብን። እኔ በአዲስ ብዕር አልጽፍም፤ አዲስ ብዕር እጅ እስኪለምድ ድረስ ይዋሻል። ዛሬ ስለሸለማችሁኝ የሚያምር ብዕር አመሰግናለሁ፤ ለጊዜው ግን ፊርማ ብቻ ነው የምፈርምበት። መጨረሻውን ሳልጽፍ ደግሞ ለማንም አልናገርም። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና፣ ዓመታት ሙሉ እራት ላይ «ኧረ ሙሳ ልጁን ይድራታል ወይስ አይድራትም?» ብላ ጠይቃኝ ከሌላው አድማጭ እኩል ቅዳሜ ማታ ነው የሰማችው።

ከሁሉ የሚከብደውን ልማድ ግን የድራማ ክፍል ሰዎች ብቻ ነን የምናውቀው። በድራማ የሚሞት ሰው፣ ሞቱ ተቀርጾ ሲያልቅ፣ ከማይክሮፎኑ ሳይርቅ የገዛ ስሙን ጠርቶ «አለሁ» ይላል። «እኔ እገሌ፣ አለሁ።» ቴክኒሻናችን ሃሊሞ ይህን ቃል ሳትሰማ መቅረጫውን አታጠፋም። በኋላ ቆርጣ ትጥለዋለች፤ ወደ አየር አይወጣም። ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ ስንመጣ ደርሰንበታል። ያዋስነውን ድምፅ መልሰን እንደመውሰድ ነው።

ተሻለችን ታስታውሷታላችሁ? የሙሳን ሚስት ሆና ትጫወት ነበር። ስትስቅ የስቱዲዮው መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ታሪኩ ስለጠየቀ እንድትሞት ጻፍኩ። ቀረጽን። የመጨረሻ ቃሏን ተናገረች፤ ዝም አለች፤ ለ«አለሁ» አፏን ልትከፍት ስትል መብራት ጠፋ። በጨለማ ሁላችንም ሳቅን።

«ተሻለች፣ አለሽ?» አልኳት።

«የት እሄዳለሁ? እግሬን የረገጠኝ ማነው?» አለች።

መብራቱ እስኪመጣ ጠብቂና ድገሚው አልናት። «አቦ ተዉኝ፣ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል» ብላ ወጣች። ያን ክረምት አላለፈችውም።

ሃሊሞ፣ አታቀርቅሪ። መብራት ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም። ማንም አይደለም። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ነው አሉ፤ ደግሞም ነበረባት። እኔ ይህን አውቃለሁ። ቀን ቀን በደንብ አውቀዋለሁ። ንጋት ላይ እስክሪብቶ ሳነሳ ግን አላውቀውም።

ከዚያ ወዲህ በ«ፉርጎ ሰፈር» ሰው ሞቶ አያውቅም። ልብ አላላችሁም? አንዱን ጅቡቲ ላክሁት። አንዱን አሰርኩት። አንዷን ዋሂል ገጠር ዳርኳት። በመጨረሻ አንድ አድማጭ ደወለና «አቦ፣ በዚህ ሰፈር ሰው አይሞትም እንዴ? እንደዚያ ከሆነ ቤት ፈልጉልኝ፣ ልከራይ» አለ። እናንተ ስትስቁ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዓብዱልአዚዝ ልመለስ።

ከጥምቀት በኋላ ነው የወደቀው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ልብህ ሰፍቷል» አለው። ዓብዱልአዚዝ «ድሮም ሰፊ ነበር፣ ዶክተር» አለው። ሐኪሙ አልሳቀም። ይህ ሰው የተናገረው ነገር ሰው ሳያስቅ ሲቀር ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ቆምኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ገጽ እምቢ አለኝ። አስፋልቱ ይግላል፤ ወረቀቱ ባዶ ነው። ይመሻል፣ ይነጋል፤ ወረቀቱ ባዶ ነው። በወባና በጎርፍ ከመጻፍ ያልቀረሁት ሰው ቀረሁ። «ሙሳ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ስልኬን አያለሁ። «ሙሳ ከቤት ወጣ» እላለሁ፤ ተነስቼ እደውላለሁ።

«ዓብዱል፣ ደህና አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጻፍከው?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«ውሸታም» ይለኝና ይዘጋዋል። ሙሳ እንደሚሞት አልነገርኩትም፤ እሱም ሚስቱም ገምተውታል።

አንድ ጠዋት ጨከንኩና «ሙሳ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ» ብዬ ጻፍኩ። ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሳም። የጫማዬን ማሰሪያ ሳላስር ወጣሁ። ከለገሃር እሱ ቤት ገንደ ቆሬ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ያን ዓረፍተ ነገር በልቤ እሰርዘዋለሁ፤ ተመልሶ ይጻፋል፤ እንደገና እሰርዘዋለሁ። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «ንዳ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁን አላውቀውም፤ የሰማኝ እንደሆነ ይቅር ይበለኝ።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ዓብዱልአዚዝ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል።

«ስልክህስ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልነበረም።

«ቻርጅ የለውም። ምነው፣ ጅብ አባረረህ?»

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሐብሐብ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ይዤው ቀረሁ። እሱ አልገባውም። ሚስቱ ሀምዲያ ግን ከበሩ ሥር ቆማ ስታየኝ ገባት። ስወጣ ሸኘችኝ። ግቢው በር ላይ ነጠላ ጫማዋን እያየች «ሣህሉ» አለችኝ፣ «ወንድሜ ነህ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ጠይቄህ አላውቅም። ያን ነገር አትጻፍ።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ። ተሻለችን አይተናል።»

ክቡራትና ክቡራን፣ እስከዚያ ድረስ ፍርሃቱ የእኔ ብቻ ነበር። የብቸኛ ሽማግሌ ቅዠት ነው ብዬ ፊቴን ታጥቤ ልተወው እሞክር ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ።

እሺ አልኳት። መጨረሻውን ልቀይር ብዬ ቤቴ ገባሁ። ሙሳ ዘመዶቹ ዘንድ ጅቡቲ እንዲሄድ አደረግሁ። ጽፌ ለዓብዱልአዚዝ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ።

«በምን ይሄዳል?» አለኝ።

«በባቡር።»

«በየትኛው ባቡር? በአዲሱ? ሙሳ ‹ፍሬኑን ማን እንደያዘው ሳላውቅ አልሳፈርም› ብሏል። አንተው ነህ የጻፍከው። ሰው ያስታውሳል፣ ሣህሉ። ታክሲ ውስጥ ይሰድቡኛል።»

«በመኪና ይሂድ።»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ሀምዲያ ጓዳ መሆኗን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ። አንተ ማን ነህ?»

«እንዴት ማለት?»

«ሞት የማን ነው? የአላህ ነው ወይስ ያንተ? አንድ እስክሪብቶ ይዘህ ሰው የምትገድል ይመስልሃል? ወላሂ እንደዚህ ያለ ትዕቢት አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ አንዴ ነው የሚሞተው። እኔ ሁለት ጊዜ ዕድል አግኝቻለሁ፤ የመጀመሪያውን አሳምሬ ልሙተው፣ አትቀማኝ። ደግሞ ልንገርህ፣ ስጨርስ ‹አለሁ› አልልም።»

«ምን?»

«አልልም። ተነስቼ እወጣለሁ። መኖሬን ለማይክሮፎን አላስመሰክርም።»

በዚህ ዕድሜዬ ትዕቢተኛ አለኝ። ክርስቲያን ነኝ፤ ቅዳሴ አልቀርም፤ ሞት የማን እንደሆነ ሰው ይነግረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ልማድ ሳከማች፣ እኔ ቆሜ ካልጠበቅሁት ዓለም የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ገባኝ። አመንኩለት። እያመንኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ፍርሃቱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ማመን አላስነሳውም።

ዛሬ ጠዋት ሙሳን ሐዲዱ ድረስ አድርሼዋለሁ። ሊነጋ ነው። ብቻውን ነው። ጎንበስ ብሎ ብረቱን ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚህ በታች ነጭ ወረቀት ነው።

አያችሁ? ሳልጽፈው መጨረሻውን ተናገርኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። 

የነገርኳችሁ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ስለጠየቁኝ ነው። ባል ጻፍ ይላል፤ ሚስት አትጻፍ ትላለች። ባልጽፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅና ሲያስለቅስ የኖረን ሰው የመጨረሻ ሥራውን እነጥቀዋለሁ። ብጽፍና አንድ ነገር ቢሆን የሀምዲያን ዓይን ማየት አልችልም። ከሁለቱ አንዳቸውን በስውር ልከዳ አልፈልግም። ስለዚህ እዚሁ፣ በእናንተ ፊት ልጠይቅ።

ሀምዲያ። እዪኝ። ልጻፈው?

ሃሊሞ፣ ማይክሮፎኑን አቀብያት። ዓብዱልአዚዝ፣ አንተ ዝም በል፤ እሷን ነው የጠየቅሁት።

…

ከኋላ ያላችሁ ሰማችሁ? አልተሰማም። ልድገመው። «አርባ ዓመት ከልክዬው አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም፤ ዛሬ እንዴት ልከልክለው?» ነው ያለችው። ሳቁ ይቆየን፤ አልጨረሰችም። ቀጥይ፣ ሀምዲያ።

…

ዝም በሉ እስቲ። ይህንን እኔው ልድገምላችሁ፤ ቃል በቃል ነው። «ሣህሉ፣ ሰው ይሞታል፤ እሱን አውቃለሁ። አሁን ስትናገር ነው የምፈራው ምን እንደሆነ የገባኝ። ሙሳን ለምን ብቻውን ሐዲድ ላይ ጣልከው? በድሬዳዋ ብቻውን የሚሞት ሰው የት አይተሃል? አንድ ሰው ሲያስነጥስ በዚህ በኩል ‹ይርሐሙከላህ›፣ በዚያ በኩል ‹ይማርህ› የሚባልበት ሰፈር ነው። ጎረቤቶቹ የት ሄዱ?»

ጎረቤቶቹ የት ሄዱ።

ቆዩኝ። ከዚህ በኋላ የምለው ወረቀቴ ላይ የለም። ወረቀቱን ኪሴ ልክተተው።

ሰፈር ሙሉ ሰው ፈጠርኩ። ሲጣሉ፣ ሲዳሩ፣ ውኃ ሲሻሙ ጻፍኩ። ሙሳ የሚሞትበት ቀን ሲደርስ አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም። ፍርሃቱን ይዤ ብቻዬን ስለተዘጋሁበት፣ እሱም ብቻውን የሚሄድ መሰለኝ።

እንግዲህ ሙሳ ሐዲዱ ላይ ነው። ሊነጋ ነው። አንድ በር ይከፈታል። «ሙሳ ቆየ» ያለ ጎረቤት ነው። ሌላ በር ይከፈታል። ጫማ ሲጎተት ይሰማል። «ወሪያ! ሙሳ ወደቀ!» ይላል አንዱ። በሱማልኛ የሚጣራ አለ፤ በኦሮምኛ የሚጣራ አለ፤ «በስመ አብ!» ብላ የምታማትብ አለች። አንዷ ትራስ ይዛ ትመጣለች፣ አንዱ ውኃ። ሁሉም ይመጣል፤ ተጣልተው የተዘጋጉት እንኳ ይመጣሉ።

ለዚህ ድምፅ ያስፈልገኛል፤ ተዋናዮቻችን አይበቁም። ስለዚህ ነገ ጠዋት እዚህ ያላችሁ ሁሉ ስቱዲዮ ትገባላችሁ። እየጠየቅሁ አይደለም። ወይዘሮ ኑኃሚን፣ እርስዎ መጀመሪያ በር ከፍተው «ምን ሆነ?» የሚሉት ነዎት፤ ስብሰባ እንደሚመሩ አይሁን፤ ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሰው ይበሉት። ቢታንያ ትሮጣለሽ። ሲሞን ባጃጅ ትጠራለህ፤ ጎል እንደገባ አትጩህ። ሾፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ እናንተ ትሸከሙታላችሁ፤ ሰው ስትሸከሙ የምትሉትን በሉ።

ሀምዲያ፣ አንቺ ራሱን ትደግፊዋለሽ። ለአንቺ ቃል አልጽፍልሽም። የምትይውን ታውቂዋለሽ።

ዓብዱልአዚዝ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን። ስትጨርስ ተነስተህ ውጣ። ማንም አይጠይቅህም።

አሁን ልመርቃችሁ። ዕድሜዬ ነውና ይፈቀድልኛል።

ድምፃችሁ አይዘጋ። የጀመራችሁትን ለመጨረስ ያብቃችሁ። ትንሽ ነገር በየቀኑ የምትሠሩበት ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ እናንተ ልትደርሱበት አስባችሁ የፈራችሁበት ይድረሱ። ጎርፉ በሩቁ ይለፍላችሁ፣ ዝናቡ ግን አይራቃችሁ። የሚያዝንላችሁ አለቃ፣ የሚቆጣችሁ ወዳጅ አትጡ። በክፉ ሰዓት በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው አይጥፋ። ይህችን ከተማ አላህም እግዚአብሔርም በሚሉ ልጆቿ መካከል በሰላም ያኑራት። አሜን በሉ። ጮክ ብላችሁ።

እኔ አሁንም እንደፈራሁ ነኝ። እጄን እያያችሁት ነው፤ አልቆመም። የሚቆምም አይመስለኝም፤ እየተንቀጠቀጠ ይጻፍ።

ኬኩን ወደዚያ አንሱልኝና ይህን ጠረጴዛ አጽዱልኝ። ቦርሳዬን አቀብሉኝ። ሙዚቃውን ለጊዜው አቆዩት። ብሉ፣ ጠጡ፣ አውሩ፤ ጫጫታው አይረብሸኝም። ብቻ እስክጨርስ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድብኝ።